ልጃችን ኒውሮሳይኮሎጂስት ልሁን ቢል

በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች፥ በሥነ ልቡና የመጀመሪያ ዲግሪውን የተቀበለ ልጃቸው «ኒውሮሳይኮሎጂስት ለመሆን ገና 7 ወይም 8 ዓመት ይቀረኛል» ቢላቸው መደንገጣቸው አይቀርም። «ይህን ያህል ከተማረ ስለ ምን ሐኪም አይሆንም?» ማለታቸውም አያስነቅፋቸውም። እኛ ግን ከመፍረዳቸው አስቀድሞ የሥራውን ጠባይና የትምህርቱን ሥርዓት እንዲያውቁት እንወዳለን።

የኒውሮሳይኮሎጂስት ሥራ አንጎልን ከፍቶ ማከም አይደለም። አንጎል በአደጋ፥ በደም ሥር መዘጋት ወይም በእርጅና ሕመም በተጎዳ ጊዜ፥ የሰውየው የማስታወስ ችሎታ፥ ንግግሩና ማስተዋሉ ምን ያህል እንደ ተነካ በልዩ ልዩ ፈተና መርምሮ ለሐኪሞችና ለቤተ ሰብ ያስረዳል እንጂ።

መንገዱም እንዲህ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የሥነ ልቡና ዶክተርነት ትምህርት ይገባል፤ ይህም የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ተጨምሮበት ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። ከዚያም በነባር ባለሙያዎች ሥር ሆኖ 2 ዓመት ይሠለጥናል። ይህን ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በሂውስተን ከተማ የተሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ በጽሑፍ አስቀምጦታል። የክፍለ ግዛቱን የሥራ ፈቃድ ማግኘትም ግድ ነው። ከዚህ በላይ የሆነውን የሙያ ምስክርነት የሚሻ ደግሞ በጽሑፍና በቃል ይፈተናል፤ የመረመራቸውንም ሕሙማን ጉዳይ ጽፎ ያቀርባል።

የገንዘቡ ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ብዙዎች የፒ ኤች ዲ ትምህርቶች ክፍያውን ትተው ለተማሪው የኑሮ ድጎማ ሲሰጡ፥ በሳይ ዲ በሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ ከፋዩ ተማሪው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ? የፈተናው ውጤት የሚመዘነው ከእኩዮች ውጤት ጋር በማስተያየት ነውና። በእንግሊዝኛ ለተማሩ ሰዎች የተሰናዳ ፈተና፥ ትምህርት ቤት ላልገቡ አማርኛ ተናጋሪ እናት በአስተርጓሚ ቢቀርብ፥ ጤነኛ ሳሉ አእምሯቸው እንደ ደከመ ሊያስቈጥራቸው ይችላል። የመርሳትን ሕመም ከትምህርት ማጣትና ከቋንቋ ልዩነት ለይቶ ማወቅ በጥቂት ወራት የሚገኝ ጥበብ አይደለም። ቋንቋቸውንና ኑሯቸውን የሚያውቅ ባለሙያ ቢያገኙ ግን ስሕተቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎቻችን፥ ልጃችሁ ይህን ሙያ ቢመርጥ «መቼ ትጨርሳለህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ «በማን ሥር ትሠለጥናለህ? ወጪውንስ ማን ይችላል?» ብላችሁ አብራችሁት ምከሩ። እርሱ ዛሬ የሚታገሠው ዘመን፥ ነገ አንዲት እናት ያለ ሕመማቸው ሕመምተኛ ከመባል የሚድኑበት ይሆናል።