ታንኩን ከጀርባው ጀምሩ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ማጂ የሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ስለ መብራት ጌጥ አይጠይቅም። ባሌስትራ ይጠይቃል፣ የፍሬን ሸራ ይጠይቃል፣ "ኦርጅናል ነው ታይዋን?" ይላል። ብሩ ውስን ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡም አይታመንም። ስለዚህ መንገዱ የሚፈልገውን ዕቃ ከሚያብለጨልጨው ለይቶ ያውቃል።

የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይህን የሹፌር ዕውቀት ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ሞዴል ሲባል የልጅ መጫወቻ አይደለም። እውነተኛው ታንክ በ35 እጥፍ ተቀንሶ በፕላስቲክ ይፈበረካል፤ ገዢው እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያጣበቀ፣ እየቀባ ይሠራዋል። (35 የሚለው ቁጥር ራሱ በጥናት የተገኘ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ሞተሩንና ባትሪውን ውስጡ ለማስገባት በሚመች መጠን ሠራው፤ በኋላ ሲለካ ወደ 35 እጥፍ ቀረበ፤ ዓለምም ተከተለው።) ከሞዴሉ ሌላ ደግሞ ለብቻ የሚሸጥ የተጨማሪ ዕቃ ገበያ አለ። የቼኩ ኤድዋርድና የፖላንዱ አበር በአሲድ የተበላ ቀጭን የናስ ሉህ ይሸጣሉ፤ የሃንጋሪው ፍሪዩልሞዴል የብረት ሰንሰለት ይሸጣል፤ ሌሎች የተቀረጸ የመድፍ አፈሙዝ፣ የሬዚን ሞተር፣ የወታደር ምስል፣ በውሃ የሚለጠፍ ምልክት ያቀርባሉ። አንዳንዱ የብረት ሰንሰለት ብቻውን የሞዴሉን ያህል ዋጋ ያወጣል።

ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁሉን መግዛት የሚባል ነገር የለም። ምርጫ የግድ ሆኗል፤ መጥፎም አይደለም።

እንግዲህ አንድ ማጂ ወይም ቴፒ ያለ የታሪክ መምህር ለተማሪዎቹ አንድ የጦር ተሽከርካሪ ሊሠራ ተነሳ እንበል። የትኛውን ይሥራ? የሱቁ መደርደሪያ በጀርመን ታንክ የተሞላ ነው። ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚቀርበው ግን ጣሊያን በ1928 ያመጣት ትንሿ ሲቪ 35 ናት። ብሮንኮ የተባለው የቻይና ፋብሪካ በ35 እጥፍ መጠን ሠርቷታል። እውነተኛዋ ርዝመቷ 3.17 ሜትር፣ ወርዷ 1.4 ሜትር ገደማ፣ ሠራተኛዋ ሁለት ሰው ነው። ሞዴሏ 9 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ሁለት የቡና ስኒ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ከሚይዘው ቦታ ታንሳለች።

ይህች ታንክ ደምበጊና ላይ ምን እንደሆነች ደግሞ ይታወቃል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ከጎጃም የዘመተው የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ መንገድ የጣሊያንን ኃይል ደምበጊና በር ላይ ገጠመው። ትንንሾቹ ታንኮች ሊያስከፍቱ መጡ፤ በርካቶቹ እዚያው ቀሩ። ምክንያቱ ከአሠራራቸው ይነበባል። ሲቪ 35 የሚዞር ጣሪያ የላትም። ሁለቱ መትረየሶች ከፊት በግራ በኩል ተተክለዋል፤ ወደ ጎን የሚዞሩት በጥቂቱ ነው። ከኋላ የመጣ ሰው አይታያትም፣ አትተኩስበትም። የእምሩ ሰዎች ከጀርባ መጡ፣ ላይዋ ወጡ።

እንግዲህ ተጨማሪ ዕቃ የሚመረጠው ከዚህ ተነስቶ ነው። የታሪኩ ቦታ የታንኳ ፊት አይደለም፤ ጀርባዋና ጣሪያዋ ነው። የሞተሩ ክዳን፣ የአየር መግቢያው ፍርግርግ፣ ሁለቱ ማርሚታዎች፣ የጣሪያው በሮችና መቆለፊያዎቻቸው። ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ይውጣ። የናስ ሉህ ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፍርግርጉና የበሩ መቀርቀሪያ አለበት ወይ የሚለው ነው። ብዙው ሰው ግን ካታሎግ ሲከፍት ዓይኑ የሚሄደው ወደ አፈሙዙ ነው፤ ያን ቀን ምንም ያልፈየደው ክፍል ላይ።

አፈሙዙማ ከፋርማሲ ይገኛል። አዲስ የ22 ቁጥር የመርፌ ጫፍ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ35 ሲባዛ 25 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ለ8 ሚሊ ሜትር መትረየስ አፈሙዝ ያምራል። ቀዳዳውም ተዘጋጅቶለታል። ከውጭ የታዘዘ የተቀረጸ ናስ ከዚህ የሚበልጠው በጥቂት ነው።

ፓራፋንጎው ላይ ግን የናስ ሻጮቹ እውነት አላቸው። የሞዴሉ ፕላስቲክ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በእውነተኛው ታንክ 35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሲቪ 35 ወፍራሙ ብረት እንኳ ከ14 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፓራፋንጎ ከጦር ግንባሩ ብረት ወፍሮ መታየቱ ያሳፍራል። ቢሆንም የቢራ ቆርቆሮ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲባዛ 3.5 ሚሊ ሜትር። በመቀስ ይቆረጣል፣ በጥፍር ይታጠፋል፣ ሰው እንደረገጠው ሆኖ ይጎብጣል። ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርቶ በቆርኪ ጎማ እየነዳ ያደገ ሰው ይህን ለመማር ሩቅ አይሄድም።

(ወራሪው ቃላቱን ጥሎ መሄዱም እዚህ ይታወሳል። ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ። ታንኩ ተማረከ፣ ጋራዡ ግን እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ያወራል።)

የውስጥ ዕቃ የሚባለው የሬዚን ጥቅል ላይ ጭቅጭቅ አለ። በሩ ተዘግቶ የሚሠራ ከሆነ ወንበርና ማርሽ መግዛት ለመቃብር ምንጣፍ መግዛት ነው፤ ማንም አያየውም። ደምበጊናን የሚሠራ ሰው ግን በሩን ይከፍታል። ሁለት ሰው በጠባብ ሳጥን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ከላዩ የሰው ኮቴ ሲሰማ ምን እንደሚመስል የሚገባው ውስጡን ሲያዩት ነው። ስለዚህ ለሰንሰለት የታሰበው ገንዘብ ካለ ወደ ውስጥ ይዙር። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው ሰንሰለት አንድ በአንድ የሚገጣጠም ከሆነ ይበቃል፤ ድንጋይ የገባበትና የወለቀ ሰንሰለት ለማሳየት ብረት መሆን አያስፈልገውም።

ዓይነቱን መለየትም አለ። ሲቪ 33 ብየዳ ይበዛታል፤ ሲቪ 35 በብሎን የተያያዘች ናት። ሁለቱም ለዚህ ጦርነት መጥተዋል። ለአንዷ የተሠራ ናስ ሌላዋ ላይ የተለጠፈበት ሞዴል ትንሽ አይደለም። ዳኛው ፎቶ ነው፤ ፎቶው ግን የራሱ ጣጣ አለው። የዚያ ጦርነት ምስል በአብዛኛው የተነሳው በወራሪው ካሜራ ነው። የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ያሰራጨው ታንኳ ታጥባ፣ ቀለሟ ሳይላጥ፣ ሰልፍ ላይ ስትሄድ ነው። የምልክት ወረቀቱም፣ የቀለም መመሪያውም፣ የወታደሩ ምስልም ከዚያ ይቀዳል። በሌላው በኩል ያለው ሰው፣ በባዶ እግሩ ታንኩ ላይ የወጣው፣ ከመደርደሪያ የሚገዛ አይደለም።

እሱን መሥራት ነው። የማንኛውም ወታደር ምስል አካል ይወሰዳል፣ ቦት ጫማው ተሞርዶ እግር ይቀረጻል፣ ኮቱ ይላጣል። ጋቢው ከስስ ሶፍት ወረቀት ይቆረጥና በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ይነከራል፤ ሳይደርቅ ትከሻ ላይ ሲጣል ራሱ እጥፋቱን ያገኛል። ገመድ ከተፈለገ ደቡብ ምዕራብ ምድር የእንሰት ቃጫ አላት፤ ከየትኛውም የሱቅ ክር የተሻለ ለዚህ መጠን ይሆናል። ሥራው ጊዜ ይበላል። ከሁሉ በላይ ጊዜ መጥፋት ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ የናስ መቀርቀሪያ ቢጎድል ይቅር የሚባል ነው፣ ይህ ሰው ሲጎድል ግን የሚቀረው አንድ የጣሊያን ታንክ ነው።

አፈር ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚዛን ቀይ አፈር በወንፊት ተነፍቶ ከውጭ ከሚመጣው የቀለም ዱቄት የሚበልጥ ማዳረቂያ ይወጣዋል፤ የማጂን መንገድ የሚሠራ ይጠቀምበት። ደምበጊና ግን ሽሬ ነው፣ ወሩም ታኅሣሥ፣ በጋ። ጭቃ የለም። አቧራና ድንጋይ ነው። ብዙ ሞዴል ሠሪ ጭቃ መለቅለቅ ስለሚወድ የወር ስም ማየት ይረሳል።

ይህ የሰሜን ታሪክ ነው፣ ማጂ ምን አገባት የሚል ይኖራል። በቀድሞው አስተዳደር ማጂ ከከፋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበረች። የከፋው ገዢ ራስ ጌታቸው አባተ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጦር መርተዋል። ራስ እምሩም ሽሬ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የመጡት። ጎሬን ይዘው ተዋጉ፣ በታኅሣሥ 1929 በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሰጡ፣ ወደ ፖንዛ ደሴት ተወስደው ታሰሩ። ደምበጊና ላይ ታንክ የማረኩት አዛዥ ከዓመት በኋላ የተያዙት በቡናው አገር ነው። "ካየሁት ከማስታውሰው" የተሰኘው ማስታወሻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ሞዴል ሠሪ ከካታሎግ በፊት እሱን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም፤ የታሚያው ሰው ሹንሳኩ ታሚያም ቢሆኑ የአሜሪካን የታንክ ሙዚየም ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ነበር ሳጥን ይሸጡ የነበረው።

ጦርነትን ማሳመር ነው የሚለው ወቀሳም ተገቢ ነው። መልሱ ደምበጊና ላይ ባለመቆም ይሰጣል። ከዚያ ድል ስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አጠገብ የእምሩን ሰዎች በሰናፍጭ ጋዝ አቃጠሉ። ታንኳ የምትቀመጥበት ጣውላ ሰፋ ብሎ ቢቆረጥ የወንዙ ዳር ይገባበታል። ከመርፌ ሳጥን ፕላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ የወደቀ በርሜል ይሠራል፣ ከውሃው ዳር ይጣላል። እሱም በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ስሙ የሚጻፍበት ጠፍጣፋ ብረት ይቀራል። ሱቅ ያለው ፊደል በሙሉ ላቲን ነው። በቀጭን ብዕርና በጥቁር ቀለም፣ በእጅ፦ ደምበጊና፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928።