ማን ከፈለ?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ኪሳችሁን ዳብሳችሁ «ገንዘቡ የት ገባ?» ያላችሁበት ቀን የለምን? እኔስ ብያለሁ። አምና የያዝኩት ስልክ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ በማስታወቂያ ያየሁት አዲስ ስልክ ልቤን ነጠቀኝና በዱቤ ገዛሁት። ዕዳዬን እስክጨርስ አራት ወር ሙሉ ለእናቴ የምልከው ብር ተቋረጠ። እርሷ አንድ ቀን እንኳ «ምነው?» አላለችኝም። ከዕዳው ይልቅ ዝምታዋ ከበደኝ።

ያን ጊዜ አንድ የቆየ ሥዕል ትዝ አለኝ። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ዘመን ምግባቸውን በራሽን ሲገዙ ኖረዋል፤ የሥጋው ራሽን የቀረላቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ሪቻርድ ሃሚልተን የተባለ ሠዓሊ በለንደን ለታየ ኤግዚቢሽን ፖስተር የሚሆን ሥዕል አዘጋጀ። የሠራውም በአብዛኛው ከአሜሪካ መጽሔቶች በመቀስ እየቆረጠ በማጣበቅ ነው። ስፋቱ በየጎኑ 26 ሳንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው።

በውስጡ አንድ ሳሎን ይታያል። ቴሌቪዥን አለ፤ ቴፕ ሪከርደር አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የቆርቆሮ ሥጋ፣ በመብራቱ ሽፋን ላይ የመኪና ፋብሪካ ዓርማ አለ። ጡንቸኛው ጎልማሳና ሶፋው ላይ ያለችው ሴት ደግሞ እነርሱም ለገበያ የቀረቡ ዕቃዎች ይመስላሉ። አርእስቱ ግን ስብከት አይደለም፤ የዛሬውን ቤት ይህን ያህል ልዩና ማራኪ ያደረገው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው።

በ1987ም ባርባራ ክሩገር የተባለች አሜሪካዊት፣ ቀድሞ በመጽሔት ገጽ አዘጋጅነት የሠራች፣ የፈላስፋውን የዴካርትን ቃል ገልብጣ «እገዛለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» የሚል ሥራ አወጣች። የሚያስቀው ነገር፣ ይኸው ቃል ኋላ በዕቃ መያዣ ከረጢት ላይ ታተመ። ገበያ የሚነቅፈውን እንኳ ይሸጣል!

ይህንኑ ጥበብ ከተማሪዎቼ ጋር ሞከርኩት። አሮጌ መጽሔት፣ መቀስና ኮላ ይበቃል። አንድ ማስታወቂያ ቁረጡ፤ ማስታወቂያው ከደበቀው ነገር አጠገብ ለጥፉት፤ ከሥሩም ከሩቅ በሚነበብ ፊደል አንድ አጭር ጥያቄ ጻፉ። ስድብና ምክር አይግባበት፤ የተሰደበ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ የተጠየቀ ግን ያስባል። አንዲት ልጅ የሚያብረቀርቅ ጫማ ከባዶ ምሳ ዕቃ ጎን ለጥፋ «ሰው የትኛውን አየልሽ?» ብላ ጻፈችበት። ክፍሉ ሳቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። እኔም ስልኬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሥልጣኔን ጥሉ አላልኩም፤ ያለ ስልክ ለመኖር እኔም አልደፍርም። ፖስተር ስትሠሩ ግን የመጀመሪያውን በገዛ ግድግዳችሁ ላይ ስቀሉት። የእኔ ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። በአንድ ወገን የስልኩ ማስታወቂያ፣ በሌላው ወገን የእናቴ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ማን ከፈለ?»