የልጅ ልብ የሚድነው በወረዳው ጤና ጣቢያ ነው

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል።» አብዛኛውን ጊዜም ይለቀዋል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን መዘዙ ወደ ልብ ይዞራል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅተው፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እግሩ ሲያብጥ ነው ጉዳቱ የሚገለጠው። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ወላይታ ዞን ይህን ሕመም ለመግታት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በየጤና ጣቢያው የማይቋረጥ ፔኒሲሊንና ታካሚን የሚከታተል መዝገብ ነው።

የሕመሙ መነሻ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ የጉሮሮ ባክቴሪያ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። ባክቴሪያው የተሸከማቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች ግን በልብ ጡንቻና በልብ ቫልቭ ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሰውነት መለየት ያቅተውና የራሱን ልብ ይወጋል። ጉሮሮው ካመመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ይመጣል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ሊቀር ይችላል። ኢንፌክሽኑ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው እየወፈረ፣ ደም የሚያልፍበት በር ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል።

ተመሳሳይ የሰውነት ስህተት በላቲን አሜሪካም ይታያል። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 ያገኘው በሽታ፣ ከብት አርቢዎቻችን በገንዲ ከሚያውቁት ተሕዋስ ጋር በሚዛመድ ጥገኛ የሚመጣ ነው። ነርቮች ልብን «ፍጠን» ወይም «ረጋ በል» ብለው በሚያዙባቸው የልብ ተቀባዮች ላይ የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት በብዙ የቻጋስ ታካሚዎች ደም ውስጥ ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎችም የልብ ምት መዛባቱን በከፊል ከእነዚሁ ጋር ያያይዙታል። የቻጋስ መድኃኒት ልብ ከተጎዳ በኋላ ብዙም አይረዳም። የእኛው ሕመም ግን ቫልቩ መጎዳት ከጀመረ በኋላም ሊገታ ይችላል።

በአገራችን፣ በጅማ አካባቢ ገጠር፣ ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 987 ሰዎች በልብ አልትራሳውንድ ተመርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት ከ1000 ሰው ወደ 37 የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አሳየ። ባክቴሪያው የሚዛመተው ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤትና ተማሪ በተፋፈገበት ትምህርት ቤት ነው። ወላይታ ደግሞ በኢትዮጵያ የገጠር ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. ተከፍቶ የብዙ ልጆችን ሕይወት ታድጓል። ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ቢሆንም ከወላይታዎቹ ከዳሞት ጋሌ ወይም ከሁምቦ ለተነሳ ቤተሰብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ ከባድ ነው። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባላት ልጅ ዕድሜ ልኳን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ደሟም በየጊዜው መመርመር አለበት። ስታረግዝ ደግሞ አደጋው ለእሷም ለጽንሱም ይጨምራል።

የፔኒሲሊን መርፌ ለዚህ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ ሕመሙ ገና ምልክት ያላሳየባቸው 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል የባሰበት 0.8 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ ካልተወጉት መካከል ግን 8.2 በመቶው ነበር። በጉሉ የሠራው በወላይታው ቦሎሶ ሶሬ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

መርፌውን መፍራት ግን አለ። ባለሙያዎች ድንገተኛ የአለርጂ አደጋን ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። መልሱ ሥልጠናና በቅርብ የተቀመጠ አድሬናሊን ነው፤ ልባቸው ክፉኛ የደከመ ታካሚዎችም በሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊታከሙ ይችላሉ። በወላጅ በኩል ያለው እንቅፋት ሌላ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥሉን ማስቆረጥ አልቀረም። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ በላዩ ላይ የደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ጤና ጣቢያዎቻችን ለቲቢና ለኤችአይቪ ታካሚ ቀጠሮ መዝግበው፣ የቀረውን ፈልገው የመመለስ ልምድ አላቸው። የዞኑ ጤና መምሪያ ያንኑ አሠራር ለሩማቲክ ታካሚዎች ቢዘረጋ አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ትምህርታቸው ላይ የጉሮሮ ሕመምንና የሚዘዋወር ቁርጥማትን ይጨምሩ፤ መምህራንም ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም የያዘውን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ለተመዘገበ ታካሚ ሁሉ በነፃ እንዲሰጥና ከመጋዘን እንዳይጠፋ፣ ዞኑና ክልሉ በመጪው በጀት ራሱን የቻለ ገንዘብ ሊይዙለት ይገባል።