የእንቅርት ኪኒንና የእናቶቻችን አጥንት

በቤትዎ ካልሆነ በጎረቤትዎ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንዲት ትንሽ ኪኒን የምትውጥ እናት ወይም እህት አትጠፋም። አንዷ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና አስወጥታለች፤ የሌላዋ ታይሮይድ ዕጢ በራሱ ጊዜ ተዳክሟል። የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ በንግድ ስሙ ዩታይሮክስ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። በአብዛኛው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው። ስለዚህ መድኃኒት በሴቶቻችን መካከል ከሚወራው ሁሉ አስደንጋጩ «አጥንት ይበላል» የሚለው ነው። ይህን ሰምተው መድኃኒቱን እርግፍ አድርገው የተዉ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት የታዘዘላቸውን መጠን፣ ደማቸውን አንድም ቀን ሳያስመረምሩ፣ ዛሬም ድረስ የሚውጡ አሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ጤናቸውን አደጋ ላይ ጥለዋል። መቆም ያለበት መድኃኒቱ ሳይሆን ሳይለኩ መዋጡ ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ እንመልከት። የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነታችንን የሥራ ፍጥነት የሚወስን ነው። አጥንት ደግሞ ብዙዎቻችን እንደምናስበው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር ሳይሆን ሕይወት ያለው አካል ነው፤ አሮጌው ክፍል ይፈርሳል፣ በቦታው አዲስ ይገነባል። ሆርሞኑ ከልክ ሲያልፍ የማፍረሱም የመገንባቱም ሥራ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ግንበኛው አፍራሹን ሊደርስበት አይችልም። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ጉድለት እየቀረ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ይሳሳል። በመሆኑም አጥንትን የሚጎዳው የሆርሞኑ መብዛት ነው። ኪኒኑ ዕጢው ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሆርሞን የሚተካ በመሆኑ፣ በልኩ ሲወሰድ በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም እንደሆነ አብዛኞቹ ጥናቶች ያሳያሉ።

መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዷ ያቋረጠች እናት ብዙ ጊዜ የሚያታልላት ነገር አለ። ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ለመውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ሳይሰማት ይቀርና «ያለ እሱም ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ ድካሙ፣ ብርዱ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ድብርቱና የፊት ማበጡ ቀስ እያለ ይመጣል። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት ብታቆመው ሕይወቷን እስከማጣት ሊያደርሳት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጉዳቱ ለጽንሱም ይተርፋል።

መጠኑ መብዛቱ ወይም ማነሱ የሚታወቀው ቲ.ኤስ.ኤች በሚባል የደም ምርመራ ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ገልብጦ ስለሚረዳው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቲ.ኤስ.ኤች ከአንጎላችን ሥር ካለች ዕጢ የሚወጣና ታይሮይድን «ሥራ!» የሚል ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ ሆርሞን ሲያንስ ትእዛዙ ይበረታል፤ ሲበዛ ትእዛዙ ዝም ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ኪኒኑ በዝቷል፣ ከፍ ካለ አንሷል ማለት ነው። አብዛኛው ላቦራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለውን እንደ ጤናማ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም በአሜሪካ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ቁጥራቸው 0.1 እና ከዚያ በታች በሆኑት ላይ የዳሌ አጥንት ስብራት ወደ ሦስት እጥፍ፣ የአከርካሪ ስብራት ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ ከ200 ሺህ በላይ አረጋውያን የመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች የተካተቱበት ጥናት ወጥቶ፣ ከፍ ያለ መጠን የሚወስዱት ዝቅተኛ ከሚወስዱት ይልቅ ለስብራት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

«ቢበዛብኝ ኖሮ ይሰማኝ ነበር» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና መክሳት የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን መጠነኛ መብዛት ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ ዕድሜዋ ሃምሳ ገደማ የሆነች ሴት ላቡንም እንቅልፍ ማጣቱንም ከማረጥ ጋር ታያይዘዋለች። ደግሞም አጥንት በፍጥነት የሚሳሳበት ዕድሜ ይኸው ነው፤ ከማረጥ በኋላ አጥንትን ሲጠብቅ የኖረው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ ሁለት አፍራሾች በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በአገራችን የከፍተኛ ቦታ ነዋሪ ለብዙ ዘመን የአዮዲን እጥረት ስላለበት እንቅርት ብርቅ በሽታ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ዕድሜ ልኩን ኪኒን የሚውጠውም ብዙ ነው። ሆኖም ብዙ መድኃኒት ቤቶች የቆየ ማዘዣ፣ አንዳንዴም ባዶውን ካርቶን ብቻ አይተው ይሸጣሉ እንጂ «የመጨረሻው የደም ምርመራ መቼ ነበር?» ብለው አይጠይቁም። ቤተሰብም ያው ነው። ኪኒኑን በየወሩ ሳይሰለች የሚገዛ ልጅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለምርመራ የሚከፈለውን ሲጠየቅ «ደህና አይደለሽ እንዴ እማዬ?» ይላል። ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውም በረከት ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ መድኃኒት የሚለካው በማይክሮ ግራም ነው፤ 25፣ 50፣ 75፣ 100 እያለ ይቀጥላል። 50 ስትወስድ የነበረች እናት በተላከላት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ 100 ብትውጥ ሳታውቀው እጥፍ ወሰደች ማለት ነው። አዲስ ካርቶን በመጣ ቁጥር ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ እናትዎ ማንበብ ካልቻሉ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው።

መጠኑ በተቀየረ ወይም የመድኃኒቱ ፋብሪካ በተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራው ሊደረግ ይገባል። ሰው ሲከሳና ሲያረጅ የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ በአርባ ዓመቷ ልክ የነበረው በስልሳ አምስት ዓመቷ ሊበዛባት ይችላል። ለመክሳት ብለው ከእናታቸው ብልቃጥ እየወሰዱ የሚውጡ ወጣት ሴቶች መኖራቸውም ይሰማል። ይህ ልብንም አጥንትንም የሚጎዳ ድፍረት ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ግን ከዚህ ንግግር የተለየ ጉዳይ አላቸው። የታይሮይድ ካንሰር ታክመው የወጡ አንዳንድ ሰዎች በሽታው እንዳይመለስ ቲ.ኤስ.ኤች ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል ይደረግላቸዋል። እነርሱ ቁጥሩን አይተው ደንግጠው ኪኒኑን እንዳይቀንሱ፤ ይልቁንም አሁንም ያን ያህል ዝቅ ማለቱ ያስፈልግ እንደሆነና አጥንታቸው እንዴት እንደሚጠበቅ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሌሎቹ ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትናንሽ ዕጢዎች የተጎዱባቸው ናቸው። ከንፈርና ጣት መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ይታይባቸዋል። ለእነርሱ የታዘዘው ካልሲየም ዋና መድኃኒታቸው ስለሆነ በማንም ምክር አይቋረጥም።

ካልሲየም ካነሳን ዘንድ፣ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሠራውን አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ልጅ ለእናቷ አጥንት አስባ ካልሲየም ትገዛለች፤ እናት ደግሞ እንዳትረሳው ብላ ሁለቱንም ኪኒን ጠዋት በአንድ ላይ ትውጣለች። ካልሲየም የታይሮይዱን ኪኒን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። የብረት ኪኒንም እንዲሁ። ከዚያ ምርመራው «አንሷል» ይላል፣ ሐኪሙ ይጨምራል። ከወራት በኋላ ካልሲየሙ ሲያልቅ የተጨመረው መጠን በሙሉ ወደ ደም ይገባና ለአጥንት ተብሎ የተገዛው ነገር ዞሮ አጥንትን ይጎዳል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር። ኪኒኑ በንጹሕ ውኃ ይዋጥ፤ ከምግብም ከቡናም በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ቡናው መዘግየቱ ቅር የሚያሰኛቸው እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን ቡና የመድኃኒቱን ወደ ደም መግባት እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

ለመሆኑ ካልሲየም የግድ በኪኒን ነው? ለአብዛኛው ሰው ከምግብ ቢገኝ ይሻላል ባይ ነኝ። አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 1200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል፤ የግመል ወተት የለመደም አይተወው። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ በካልሲየም የተሻለ ነው፣ ጎመንም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ካልሲየሙ በሚገባ አይመጠጥም። እህቶቻችን ከቤት ሲወጡ ተሸፍነው እንደመሆኑ፣ በግቢያቸው ውስጥ ሰው በማያይበት ቦታ ክንዳቸውንና እግራቸውን በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ቢያስነኩ ይጠቀማሉ። ግቢ የሌላቸው፣ በተለይም በዐረብ አገር ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚውሉ፣ ቫይታሚን ዲያቸውን አስለክተው በሐኪም ትእዛዝ ቢወስዱ ይበጃል። ከውጭ ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚላኩ ባዮቲን ያለባቸው ቫይታሚኖች ግን የታይሮይድ ምርመራውን ውጤት ስለሚያዛቡ፣ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት መቆም አለባቸው።

አጥንት ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ መስጊድ ቅርብ ለሆነለት በእግር መመላለሱ ጥሩ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የሚያስፈራው መውደቅ ነው። የውዱእ ቦታ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ለሱብሒ ሲነሱ መብራት የሌለው ኮሪደር፤ የሳሳ አጥንት የሚሰበረው እዚህ ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆነች፣ ወይም በትንሽ አወዳደቅ እጇ ወይም ዳሌዋ የተሰበረ፣ ወይም ቁመቷ የቀነሰና ጀርባዋ የጎበጠ ሴት የአጥንት ጥግግት መለኪያ ምርመራ እንደሚያስፈልጋት ለሐኪሟ ትንገር። መሣሪያው በየከተማው ባይገኝም መጠየቁ አይጎዳም።

በረመዳን ጉዳይ በየዓመቱ ጥያቄ ይነሳል። አንዳንዶች ወሩን ሙሉ ኪኒኑን ያቆማሉ፤ ሌሎች ከሱሑር ምግብ ጋር አንድ ላይ ይውጡታል። ሁለቱም ትክክል አይደለም፤ ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ስለሆነም ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ለሱሑር ከእንቅልፍ እንደተነሱ በውኃ ውጦ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ መብላት አንዱ መንገድ ነው። ያን ያህል ቀድሞ መነሳት የሚከብደው ሰው ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ምንም ሳይቀምስ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ካሳለፈ፣ ከተራዊሕ ተመልሶ ሲተኛ ሊውጠው ይችላል። እዚህም እዚያም መቀያየር ግን ደሙን ስለሚያዋዥቀው አንዱን መርጦ ወሩን በሙሉ መያዝ ይሻላል። ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ የሱሑሩን መንገድ ለመረጡ ከኢፍጣር ጋር፣ ሲተኙ ለሚውጡት ደግሞ ከሱሑር ጋር ያድርጉት፤ አራት ሰዓቱ ግን አይጉደል። ዓመታዊውን የቲ.ኤስ.ኤች ምርመራ ዙልቃዕዳ አጋማሽ ላይ ቢያደርጉት፣ ወደ ቀድሞ ሰዓትዎ ከተመለሱ ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚሆን ውጤቱ የተረጋጋ ይሆናል።