ጩኸት የፈረስ ጉልበት አይደለም

እንግዲህ ዛሬ የምንጣላው ከገዛ ወገኖቻችን ጋር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ መኪና የሚወዱ የሐበሻ ልጆች ተሰብስበው ወሬ በያዙበት ሁሉ አንድ ምክር እንደ ዳዊት ይደገማል፦ «መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን ክፈተው፤ ኮምፒውተሩን በኋላ ታስተካክለዋለህ።» እኛ ደግሞ እንላለን፦ ይሄ ምክር አይደለም፤ ሞተርን በዱቤ መግደል ነው።

ማሻሻልን አንቃወምም። የምንቃወመው በሁለት ሥራ ተለፍቶ የተገዛ መኪና ላይ በወሬ መቆመርን ነው። ልጆቻችን የሚወዱትን አሮጌውን ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ እንውሰድ። አሜሪካ የገባው የ2002 ሞዴል 2 ሊትር ሞተር፣ 227 የፈረስ ጉልበት አለው። ፋብሪካው የፈቀደለት ቡስት 13.5 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። የነዳጁ መጠንና የካንዴላው ሰዓት ሁሉ የተሰላው ለዚያ ግፊት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ መጭመቂያውን ያዞራል፤ መጭመቂያው ለሞተሩ አየር ያጎርሳል። ጉርሻው እንዳይበዛ ዌስትጌት የምትባል ትንሽ በር አለች፤ ግፊቱ ልክ ሲደርስ ትከፈትና ትርፉን ጭስ በተርባይኑ ጎን ታሳልፋለች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ ሞተር ግን ይሄን ተረት አያውቅም።

አሁን ጠባቡን ቱቦ አውጥታችሁ ከቱርቦው ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ሰፊ ቱቦ ግጠሙ። ከተርባይኑ በኋላ የነበረው እገዳ ይቀንሳል፤ ቱርቦው ይፈጥናል። በሯ ግን ያችው የድሮዋ ናት። ወለል ብላ ብትከፈት እንኳ ትርፉን ጭስ ሁሉ ማሳለፍ ሊያቅታት ይችላል። ያኔ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ቡስቱም አብሮ ይወጣል። ቡስት ክሪፕ የሚሉት ይሄንን ነው። 14 ላይ መቆም የነበረበት 17፣ 18 ሲደርስ፣ ነዳጁ ካነሰና የካንዴላው እሳት ካልዘገየ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ማንኳኳቱ ፋሻ የሚይዘውን የፒስተን ጠርዝ ይሰብራል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የጭስ ማውጫ ሳይሆን የሙሉ ሞተር ነው።

«እገሌ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነድቶት ምንም አልሆነም» ትሉናላችሁ። እገሌ በሐምሌ ሙቀት ሦስት ብሎክ ነድቶ ሊሆን ይችላል። በጥር ብርድ አየሩ ጥቅጥቅ ይላል፤ በአራተኛ ማርሽ እስከ ቀዩ መስመር ሲረገጥ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው።

«ግፊቱ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጥልኛል» የሚልም አለ። አዎ፣ ይቆርጣል። ግን ያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንጂ መንጃ ዘዴ አይደለም። ይባስ ብሎ ይህንን መቁረጫ የሚያታልል ዕቃ ገዝቶ የሚገጥም አለ። ይሄ የጭስ ደወል ስለጮኸ ባትሪውን አውጥቶ እንደ መተኛት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደን ግን ዕቃውን የሚሸጠው ሰው ነው። ቱቦውን በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ይገጥማል፣ ስለ ዌስትጌቱ አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ሞተሩ ሲሞት «አነዳድህ ነው» ይላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምትፈልጉት ድምፅ ብቻ ከሆነ ማርሚታውን ብቻ ቀይሩና በሰላም ሂዱ። ጉልበቱ ብዙም አይጨምርም፤ አደጋውም ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። ጉልበት ከፈለጋችሁ ግን ከቱርቦው ሥር ያለው ቱቦ የሚነካው ከነሙሉ ወጪው ነው፦ አስተማማኝ የቡስት ጌጅ፣ የአየርና የነዳጅ ምጣኔ የሚያሳይ መለኪያ፣ እና ሥራውን በሚያውቅ ሰው የሚስተካከል ኮምፒውተር። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቱቦው ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ፤ አይሻግትም።

አንድ ፈተና ደግሞ አትዝለሉ። መንገድ ላይ ሳይሆን ዳይኖ ላይ፣ ዌስትጌቱ በስፕሪንጉ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ቡስቱ እስከ ቀዩ መስመር ይታይ። ባለበት ከቆመ ጥሩ ነው። ሽቅብ ከወጣ ግን በሯ አልበቃችም ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተችን በር ደግሞ የትኛውም ኮምፒውተር ከዚያ በላይ ሊከፍታት አይችልም። መፍትሔው ቀዳዳዋን በባለሙያ ማስፋት፣ ትልቅ የውጭ ዌስትጌት መግጠም ወይም ጥቂት እገዳ መመለስ ነው።

ካታሊስቱንም ለጩኸት ብላችሁ አታውጡ። ለመንገድ በተሠራ መኪና ላይ ማውጣቱ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከኋላችሁ ጋሪ የምትገፋው እናትም ያንን ጭስ ለመተንፈስ አልተስማማችም።

ከእንግዲህ ጓደኛችሁ «ክፈተው!» ሲላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «የአንተ ቡስት ቀዩ መስመር ላይ ስንት ነው?» ቁጥር ከነገራችሁ ስሙት። «ኧረ ድምፁን ብትሰማው!» ካላችሁ ቡና ጋብዙትና ወሬ ቀይሩ።