በቅድሚያ የውሻው ጌታ ይማር

በ1970 ዓ.ም. ለንደን ላይ በክራፍትስ ትርኢት የተጀመረው የውሾች የመሰናክል ዝላይ ለእኛም ትምህርት አለው። ውሻው ያለ ገመድ የሚዘለው የጌታውን ድምፅና የእጅ ምልክት እየተከተለ ስለ ሆነ፥ አሠልጣኞቹ በቅድሚያ የሚያስተምሩት ሰውዬውን ነው።

በጉና ግርጌ ውሻ መንጋ ይጠብቃል፤ ለክትባት ያዙት ሲባል ግን መያዝ የሚችለው ስንቱ ባለቤት ነው? የእብድ ውሻ በሽታ እንዲገታ ከ100 ውሾች 70ዎቹ መከተብ አለባቸው፤ ያልተያዘ ውሻ ደግሞ አይከተብም።

ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ተማሪዎች ሆይ፥ በክረምቱ ዕረፍት ወደየቀበሌያችን ስንወርድ ውሻን በቁራሽ እንጀራ መጥራትንና አረጋግቶ መያዝን ለየባለቤቱ እናስተምር። አስቀድመን ግን እኛው እንማር፤ ድንጋይ መወርወር ማሠልጠን አይደለምና።