ዓይኗን ማን አየላት?

ካፉሪ ካርቱም ውስጥ የባለጸጋ ሰፈር ነው። ሰሜን ካርቱም፣ ባህሪ በሚሉት ወገን፣ ድሮ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ባለሥልጣኑም ነጋዴውም ቪላውን ሠርቶበታል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ዘመዶች ሳይቀሩ ኖረውበታል። በየቪላው ምግብ ያበሰሉት፣ ወለል የወለወሉት፣ በሽተኛ ያስታመሙት ግን ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው። ስኳር ያለባቸው አዛውንት ባሉበት ቤት የምትሠራ ሴት ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁርስ ከመርፌው በኋላ ስንት ደቂቃ መዘግየት እንደሌለበት ጠንቅቃ ታውቃለች። ስኳሩ በራሷ ላይ ሲገኝስ? የእሷን ዓይን ማን አየላት?

የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ሱዳን ውስጥ ከመቶ አዋቂ 19 ያህሉ ስኳር አለበት። ይህ ሁሉ ሰው ዓይኑ ብዥ እስኪልበት ይጠብቅ?

መጠበቁ ነው ጥፋቱ። ከፍ ያለ ስኳር የሬቲናን (የዓይን ጀርባን) ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ያበላሻል፤ ያፈስሳሉ፣ ይዘጋሉ፣ በምትካቸውም በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አያመውም፤ ፊደሉንም ደህና አድርጎ ያነባል። ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስም ስለሚለዋወጥ፣ አንዳንዷ መነጽር ቤት ገብታ መነጽር ገዝታ ትወጣለች። የዓይኗን ጀርባ ግን ማንም አላየውም። ሌዘርና ዓይን ውስጥ የሚወጋው መርፌ በአብዛኛው የቀረውን ለማዳን ነው የሚጠቅሙት። የሌዘሩ ጥቅም በጥናት ከተረጋገጠ ደግሞ ወደ 50 ዓመት ሆኖታል። ታዲያ ዛሬም ሰው በዚህ የሚታወረው ዕውቀት ጠፍቶ ነው?

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ሐኪም አጥታ አልነበረም። የመካ የዓይን ሆስፒታል ነበር፤ የጃቢር አቡልዒዝ የስኳር ሕክምና ማዕከልም ነበር፤ ከካፉሪ ድልድይ ተሻግሮ የሚደረስባቸው። ግን ምርመራው ምን ይጠይቃል? ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል፤ ተጠብቆ ጀርባው ይታያል ወይም ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡ ይደበዝዛል፤ የካርቱም ፀሐይም ዓይን ያስጨፍናል። በዚያ ሁኔታ ሽንኩርት ይከተፋል? ልብስ ይተኮሳል? ማዳሟ ግማሽ ቀን ትፈቅዳለች? ዕረፍቷ አርብ ከሆነ ደግሞ፣ አርብ የሱዳን ተመላላሽ ክሊኒክ ለማን ይከፈታል? «ለምን ሳትመረመር ቀረች?» ብሎ የሚወቅሳት ሰው ይህን ቢመልስ ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ፈነዳ። ካፉሪ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በ2017 ዓ.ም. ነው። መውጫ ያገኘ በገላባት በኩል መተማ ገባ። ኢንሱሊኗ የተቋረጠባት ስንት ናት? መተማ ላይ ስሟን የመዘገበ ሰው ስኳር እንዳለባት ጠየቃት? ከጠየቀስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማዕከል ድረስ የሚያደርስ ወረቀት ጻፈላት?

አገር ቤት ገባች እንበል። እኛስ ምን ይዘን ጠበቅናት? በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሹን የሞራ ግርዶሽ፣ ከመቶ 11.5 ያህሉን ደግሞ ትራኮማ እንደሚያመጣ አሳየ። ገንዘቡም ዘመቻውም ወደዚያው ሄደ፤ ልክ ነበር፣ አልከራከርም። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማው ሰፋ፣ አመጋገቡ ተለወጠ፣ ስኳር በየቤቱ ገባ። የዓይን ዘመቻችን አሁንም ሞራ ከመግፈፍና ሽፋሽፍት ከማቅናት አይወጣም? በየስኳር ክሊኒኩ በሽተኛው ጣቱን ይወጋል፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። ካርዱ ላይ «ሬቲና የታየበት ቀን» የሚል ቦታ ለመጨመር ምን ያህል በጀት ይፈልጋል?

እንግሊዞች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር ያለበትን ሰው በደብዳቤ እየጠሩ የዓይኑን ጀርባ ፎቶ ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ለአምስት አሥርት ዓመታት ግንባር ቀደም የዓይነ ስውርነት መንስኤ የነበረው የስኳር ሕመም ቦታውን ለቀቀ። እዚያ ጤና ጣቢያው በሽተኛውን ይጠራል፤ እዚህ በሽተኛው ታውሮ ጤና ጣቢያውን ይፈልጋል። ደብዳቤ ባይኖረን ስልክ የለንም? አጭር መልእክት መላክ የማይችል ክሊኒክ አለ?

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባችሁ፣ የዓይን ምርመራችሁ የሚጀምረው ስኳሩ በተገኘባችሁ ሰሞን ነው፤ አንደኛው ዓይነት ያለባችሁ በአምስት ዓመት ውስጥ፤ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ከዚያ ሐኪሙ ካላራዘመው በስተቀር በየዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ከወንበሩ ሳትነሱ ጠይቁ፤ «ብሌኔ ሰፍቶ የዓይኔ ጀርባ የታየው መቼ ነው?» መልስ ከሌለ ሪፈር ሳታጽፉ አትውጡ።